ሁለተኛው ባትሪ

(ባቲ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ኢድሪስ የሟች አባቱን የይማምን የበረሃ መኪና ኮፈን ከፍቶ ጎንበስ ብሏል፣ ያሳደጉት አያቱ እማ ዘምዘም የሻርፓቸውን ጫፍ ጨብጠው በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል።)

ዘምዘም፦ አንዱ ባትሪ ልጄን በላብኝ፤ ሁለተኛውን የምታስገባው ደግሞ ማንን እንዲበላ ነው?

ኢድሪስ፦ ማንንም አይበላም፣ እማ። እሱን ተይውና፣ እዚህ ደረጃው ላይ ከብሎኖቹ ጋር ያስቀመጥኩትን ፊውዝ አላየሽም?

ዘምዘም፦ ፊውዝ ደግሞ ምን ይመስላል?

ኢድሪስ፦ ቀይ ነው፤ ሁለት የብረት ጆሮ አለው። እያየሽኝ ነው ያስቀመጥኩት።

ዘምዘም፦ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ዕቃ ልጠብቅልህ መሰለህ? ዶሮዋ ለቅማው ይሆናል።

ኢድሪስ፦ ዶሮዋ ፊውዝ ከዋጠች ከነገ ጀምሮ የምትጥለው አምፖል ነው።

ዘምዘም፦ ቀልድ! አባትህም አፉ ቀልድ አያጣም ነበር። ይልቅ ባትሪው ላይ ያለውን ሥዕል አይተኸዋል? መሠረተ ትምህርት የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ጽሑፉ ቢያቅተኝ ሥዕሉ አያቅተኝም። ሰው ፊቱ ላይ ሲፈነዳበት ነው የሚያሳየው።

ኢድሪስ፦ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለማይጠነቀቅ ሰው።

ዘምዘም፦ በዚህ ቤት ማን ተጠንቅቆ ያውቃል? ይሄ የሚጎተተውስ ምንድን ነው? እባብ ይመስላል።

ኢድሪስ፦ ገመድ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ።

ዘምዘም፦ እባቡንማ አይቼዋለሁ። የነደፈኝን አላውቀውም?

ኢድሪስ፦ እማ፣ በአላህ ስሚኝ። እንግዶቹ ነገ ጠዋት ሚሌ ላይ ይጠብቁኛል። ወፍ ሊያዩ የመጡ ናቸው፤ በረሃው ውስጥ ድንኳን ተክለው ነው የሚያድሩት። መብራት ይፈልጋሉ፤ ትንሿ ፍሪጅም ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለች…

ዘምዘም፦ ቀዝቃዛ ውሃ! የአባትህንም እንግዶች ያማራቸው ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። እነሱ ከድንኳናቸው ጥላ ሥር በደህና ተገኙ፤ ልጄ እርዳታ ሊጠራ በእግሩ ወጥቶ፣ ባዶ ጀሪካን እንዳቀፈ አሸዋ ላይ ተገኘ።

ኢድሪስ፦ ለዚህ ነዋ ሁለተኛ የማስገባው!

ዘምዘም፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ኢድሪስ፦ ይሁን፣ ውሻው እኔ ልሁን። ግን ይግባሽ።

ዘምዘም፦ ምኑ ይግባኝ? መብራት ሲጨምር በረሃ ውስጥ መክረም ይጨምራል። እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው።

ኢድሪስ፦ በእህል ልንገርሽ። በክፉው ዘመን ጎተራው ሲራቆት አያቴ የዘሩን እህል የት አደረገው?

ዘምዘም፦ በቅል አድርጎ ማገሩ ላይ ሰቀለዋ። ልጅ እያለቀሰ አልነካነውም። ዘሩን የበላ ቤት ዝናብ ሲመጣ ምን ይዘራል?

ኢድሪስ፦ በቃ፣ እሱ ነው። አሮጌው ባትሪ ዘሩ ነው፤ ጠዋት ሞተር የሚያስነሳው። አዲሱ ቀለቡ ነው። መብራቱም ፍሪጇም ከአዲሱ ይብሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ይቺ ዕቃ ሁለቱን ትለያቸዋለች፤ ቀለቡ ተሟጦ ቢያድር እንኳ ዘሩ አይነካም።

ዘምዘም፦ ለየብቻ ቅል።

ኢድሪስ፦ ለየብቻ ቅል።

ዘምዘም፦ ይማም አንድ ቅል ነበረው ማለት ነው።

ኢድሪስ፦ አንድ። ፍሪጇ ስትበላው አደረች። ጠዋት ቁልፉን ቢያዞር ሞተሩ እምቢ አለ። መኪናው ጤነኛ ነበር፤ ነዳጅም ነበረው። አሸዋ ላይ ደግሞ በግፊት አይነሳም።

ዘምዘም፦ ቀኑ ደርሶ ነው። ሼሁም እንዲያ ነው ያሉኝ፤ ከተጻፈው ቀን የሚያልፍ የለም።

ኢድሪስ፦ እሺ፣ ቀኑ ደርሶ ነው። ፊውዙን ስጪኝ።

ዘምዘም፦ እኔ ዘንድ ነው ያለህ ማን ነው?

ኢድሪስ፦ የሻርፕሽ ጫፍ ከመቼ ወዲህ ነው ቋጠሮ ያወጣው?

ዘምዘም፦ ክኒኔ ነው።

ኢድሪስ፦ ክኒን ሁለት ጆሮ አለው? እማ፣ ያለ እሱ አዲሱን ባትሪ አላገናኝም። ገመዱ ተልጦ ብረት ቢነካ እሳት ይነሳል፤ ቀድሞ ተቃጥሎ መኪናውን የሚያድነው ፊውዙ ነው። እዚህ ባቲ ደግሞ ፈልጌ አጣሁት፤ ከደሴ ነው በሰው ያስመጣሁት።

ዘምዘም፦ እንግዲያው መንገዱ ቀረ። አልሐምዱሊላህ።

ኢድሪስ፦ መንገዱ አይቀርም። ቃል ሰጥቻለሁ። ካልሰጠሽኝ በአንዱ እሄዳለሁ፣ እንደ አባቴ።

ዘምዘም፦ ልታስፈራራኝ ነው! አንተ ያለ እኔ ዱዓ ከዚህ ግቢ ወጥተህ አታውቅም። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ሁለተኛ ባትሪ የሚባለው፣ ይማም በሕይወት ሳለ ነበረ?

ኢድሪስ፦ ነበረ።

ዘምዘም፦ ሥራው ከባድ ነው?

ኢድሪስ፦ ዕቃው ከተሟላ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ዘምዘም፦ ግማሽ ቀን… ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» እያልኩ ሸኘሁ። እሷን ቃል ይዤ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ። ኢድሪስ፣ ያኔ አንድ ሰው ግማሽ ቀን እንዲህ ጎንበስ ቢል ኖሮ፣ ልጄ ዛሬ እዚህ ደረጃ ላይ አጠገቤ ነበር ልትለኝ ነው? መልስልኝ እንጂ። አይደለም በለኝ። ዋሽተህም ቢሆን አይደለም በለኝ!

(ኢድሪስ ኮፈኑን ያወርዳል፤ መፍቻዎቹን ያነሳል።)

ዘምዘም፦ ኮፈኑን ለምን ትዘጋዋለህ? መፍቻዎቹንስ ለምን ትሰበስባለህ? ውሻ ስላልኩህ ነው? ተረት ነው እኮ፣ የኔ ጌታ፣ ተረት ነው። አዲሱንማ መሬት ላይ ትተኸዋል!

(ኢድሪስ መኪናው ውስጥ ይገባል።)

ዘምዘም፦ ደህና ዋይ አይባልም? አባትህም እንዲሁ ነበር፤ እንዳልሰማው በሩን በቀስታ ገፋ አድርጎ ነው የወጣው። ያ ረቢ፣ ሞተሩን አስነሳው! መንገደኛ ከኋላው አይጠራም ብዬ ይማምን አልጠራሁትም፤ አንተን ግን እጠራሃለሁ፤ ኢድሪስ! ኢድሪስ፣ ተመለስና ቋጠሮውን ፍታልኝ፤ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ!