የካሚዮኑ ቤት ይተንፍስ

በፍልሰታ ጾም፥ ያውም ሰው በሞላበት የቅዳሜ ገበያ፥ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቅቤ ሲገዙ ከታዩ ቡሬ ላይ ወሬ አይጠፋም። አያ ቢሆነኝ ደግሞ የገዙት ለራስ ቅባት የምትሆን ጥቂት ነገር አልነበረም፤ ቅል ሙሉ ነው። ሻጪቱ፥ «አያ፥ ጾሙ ሳንሰማ ተፈታ እንዴ?» ብትላቸው፥ «ራሴን አሞኝ ነው» አሉና ቅሉን በጋቢያቸው ሸፍነው ፊታቸውን አዞሩ። ቅል ሙሉ ቅቤ የሚጠጣ ራስ፥ እግዜር ያሳያችሁ!

ዘመኑ የጣሊያን ዘመን ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት። ጣሊያን ጉብታው ላይ ሰፍሮ ቀን ቀን ያዛል፤ ሲመሽ አገሩ የአርበኛ ነው። ክፉ ዘመን ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማ ተነስቶ እስከ ቡሬ በእግሩ የሚሄድ ሰው ዝናብ ቢመታው፥ የመንገድ ዳር ቤት ሁሉ «ኧረ በሞቴ ግቡ!» ይለው ነበር። ስንቅ የሌለው መንገደኛ ጦሙን አያድርም ነበር። ያ ደግነት የት እንደ ገባ እንጃ።

ያን ለት ዝናቡ ድንገት ሲወርድ አያ ቢሆነኝ ከገበያው ዳር ካለችው ዋርካ ሥር ተጠለሉ። አስቀድሞ እዚያ የቆመ፥ ከነጠላው በላይ ኮት የደረበ ወጣት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው።

«እንደምን ዋሉ፥ አያ ቢሆነኝ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነህ? ዓይኔ ደከመ።»

«የቄስ ወልደ ዮሐንስ ልጅ፥ ይርሳው ነኝ።»

«ይርሳው! አዲስ አበባ ሊማር ሄዶ ቀረ ያሉት? አፈር ስሆን፥ መቼ መጣህ?»

«በሰኔ ነው። ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ከአንድ አርመን ዘንድ መኪና መጠገን ስሠራ ቆየሁ። አሁን አባቴን ልጦር መጣሁ።» ወጣቱ ይህን ብሎ ዓይኑን ከሽማግሌው ጋቢ ጠርዝ ላይ ጣለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «አያ፥ ይህ ጋቢዎን የነካው ምንድን ነው?» አለ።

«ቀይ አፈር ነዋ! ክረምት አይደለም እንዴ?»

«አፈር ሲደርቅ ይራገፋል። ይህ ዝገት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ቅቤው የሚቀባው ራስ የብረት ራስ ይመስለኛል።»

በዚያ ዘመን ብረት ደብቆ መገኘት በገመድ የሚያሰቅል ነገር ነው። አያ ቢሆነኝ ግራ ቀኝ አዩና፥ «ምላስህን ሰብስብ! የነፍስ አባቴ ልጅ ባትሆን ኖሮ...» ብለው ቅሉን አጥብቀው ያዙ። ዝናቡ ሲያባራ ግን፥ «በል ተከተለኝ» አሉት። ብቻቸውን የተሸከሙት ምሥጢር ከብዷቸው ኖሯል።

አያ ቢሆነኝ የሚኖሩት ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፥ ዋንዛ በር በሚባል መንደር ነው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነገሩን ዘረገፉት። ልጃቸው ክንዱ አርበኛ ነው። አምና በበጋ ከጓደኞቹ ጋር ከጣሊያን አንድ ካሚዮን ማርኮ፥ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ እየነዳ አመጣና ከበሬው ቤት አስገባው። «አባባ» አለ፥ «ጠላት ሲወጣ በዚህ እህል እጭናለሁ። የቆላ ሰው ጤፉን በጀርባው ተሸክሞ ዳገት መውጣቱ ይበቃዋል። እስክመለስ አደራ!» ከዚያ ወዲህ የክንዱ ወሬ የለም።

«አደራ ከምበላ ሞት ይሻለኛል» አሉ አያ ቢሆነኝ። «እኔም እንደ ዓይኔ ብሌን ይዤዋለሁ። ግን ምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ልጄ፥ ካሚዮኑ ታሟል።»

ከቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ እማዋይሽ ደጁ ላይ ነበሩ። ቅሉን አይተው፥ «ደግሞ ገዙ? ይኸ ካሚዮን እኮ በዓመቱ የበላውን ቅቤ እኔ ሦስት ጊዜ ስወልድ አልበላሁትም!» አሉ። አያ ቢሆነኝ ይርሳውን ወደ በሬው ቤት መሩት።

የበሬው ቤት ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው። የሣር ክዳኑ አርጅቶ ስለ ነበር ክንዱ በቆርቆሮ ከድኖታል። ሽማግሌው ግድግዳውን ዙሪያውን በእበትና በጭቃ መርገው፥ አንዲት ስንጥቅ ሳያስቀሩ ደፍነውታል። በሩ ሲከፈት የወጣው ወበቅ የይርሳውን ፊት መታው። ሻጋታና የሻገተ ቅቤ ይሸታል። ከቆርቆሮው ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ዝናቡ ግን ካባራ ቆይቷል። ካሚዮኑ በጋቢ ተሸፋፍኖ፥ ጎማው እርጥብ ቄጠማ ላይ ተኝቷል። ይርሳው ጋቢውን ገለጥ ቢያደርግ አይጥ ከሞተሩ ሥር ዘላ ወጣች።

«ቄጠማውን ማን ጎዘጎዘው?»

«እኔ ነኛ! በየበዓሉ አዲስ አነጥፍለታለሁ። የልጄ ንብረት በባዶ መሬት ይቁም? ሙቀቱ ሲበረታም ማለዳ ማለዳ ውኃ እረጭለታለሁ፥ ቀዝቀዝ እንዲለው።»

«በሩንስ ስለ ምን ዘጉት?»

«ነፋስ እንዳይመታው! ለታመመ ሰው በር ይከፈትበታል? አራስ ያለችበት ቤት መስኮት ይከፈታል? ነፋስ የገባበት ጤና አይሆንም፤ ይህን ከአባቶቻችን ተቀብለናል።»

ይርሳው አልሳቀም። ማንም ቢሆን በዚህ ቦታ ሊስቅ ይችል ነበር፤ ልጁ ግን ቄስ ያሳደገው ነው። ቀስ ብሎ፥ «አያ፥ ፍቅርዎን አይቻለሁ» አለ። «ነገር ግን ካሚዮኑን ያሳመመው ይኸው ፍቅር ነው። የረጩት ውኃ የትም አይሄድም፤ ሲሞቅ ይተንናል፥ መውጫ ሲያጣ ከቆርቆሮው ሥር እንደ ላብ ይቋጥርና ተመልሶ ብረቱ ላይ ይወርዳል። ቄጠማውም እንደዚያው ነው። ቅቤው አይጥ ጠራ፥ አይጧ ሽቦውን በላች። ይህን ቤት የሚያድነው ነፋስ ነው።»

አያ ቢሆነኝ ተቆጡ። በትራቸውን መሬት ላይ መትተው፥ «አዬ ጉድ! ጢምህ ሳያቆጠቁጥ ሽማግሌ ልትመክር? ጣሊያንም እኮ አገራችን የገባ 'ላስተምራችሁ' እያለ ነው! ፊደል ቆጠርሁ ብለህ የአባቶቼን ሥራ ልታፈርስ ነው?» አሉ።

ነገሩ ከባድ ነበር። ወይዘሮ እማዋይሽ እንኳ ደንግጠው፥ «ኧረ እንግዳ ነው፥ ያባቱን ክህነት ይፍሩ» አሉ። ይርሳው ግን ጎንበስ ብሎ፥ «ጣሊያን የመጣው የእኛን ሊወስድ ነው» አለ። «እኔ የምነግርዎ ከፈረንጅ ያመጣሁትን አይደለም፤ ከራስዎ ደጅ ያለውን ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚያ ዋንዛው ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች የርስዎ አይደሉም?»

«የእኔ ናቸው። የቆላ ማር እንደ እኔ የሚያውቅ አለ?»

«ቀኑ ሲያቃጥል ንቦቹ ከቀፎው አፍ ላይ ተሰልፈው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ፤ አይተዋል?»

«እንዴ! ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርሁትን? ነፋስ ያስገባሉ ነዋ። ቤታቸውን ያበርዳሉ። ያልበሰለውን ማርም ውኃውን የሚያደርቁት እንዲያ ነው።»

«አንድ ሰው ንቦቹን ወድዶ፥ ብርድ እንዳይመታቸው ብሎ የቀፎውን አፍ በእበት ቢመርግባቸውስ?»

«ያበደ ሰው ነው እንዲያ የሚያደርግ! ንቡ ታፍኖ ያልቃል፥ ማሩም ይበላሻል...»

አያ ቢሆነኝ እዚህ ላይ አቆሙ። ዋንዛውን አዩ። የመረጉትን ግድግዳ አዩ። ሰው በገዛ አፉ ሲረታ እንዲህ ነው፤ የሚሰድበው ሰው እንኳ አያገኝም። ወይዘሮ እማዋይሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ያዙ።

ይርሳው አልለቀቀም፤ ግን በልስላሴ ነበር። «ጎተራዎንስ ከመሬት አንሥተው ድንጋይ ላይ ያቆሙት ለምንድን ነው? እህል እርጥበት እንዳይነካው አይደለም? እንግዲህ ለጤፍ የሚያውቁትን ለብረት መንፈግ ምን ይባላል?»

ሽማግሌው ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የተናገሩት ግን ስለ ካሚዮኑ አልነበረም።

«ልጄ፥ እውነቱን ልንገርህ። እኔ መዝጋቱን የያዝሁት በነፋሱ ምክንያት ብቻ አይደለም። ክንዱ ከሄደ ወዲህ፥ ይህ ነገር ሲዝግ ባየሁ ቁጥር እሱ የሞተ ይመስለኛል። ስለዚህ ቅቤዬን በዳሰሳ ቀብቼ፥ ጋቢዬን ጣል አድርጌ እዘጋዋለሁ። ላለማየት ነው።»

ወይዘሮ እማዋይሽ ሳቃቸው ጠፍቶ፥ «እኔስ እናቱ አይደለሁም?» አሉ። «ልጄ ሲመጣ ምን ላሳየው ነው? የዝገት ክምር? አደራው ቢተርፍ ልቤም ይተርፋል። በሉ ይክፈቱት!»

አያ ቢሆነኝ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አበሱ። ከዚያ የመጨረሻዋን ምክንያት አወጡ፤ እልከኛ ሰው መጨረሻ የምትሆን ምክንያት አያጣም። «ቀዳዳ ስንከፍት ባንዳ አጮልቆ ቢያይስ?»

«አውሮፕላን ሲመጣ ቆርቆሮው በፀሐይ አያብረቀርቅም?»

«ያብረቀርቃል እንጂ! ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ቅጠል ልጥልበት ስሮጥ ነፍሴ ልትወጣ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ሥራ ሁለቱን ይፈውሳል። ከቆርቆሮው በላይ ቀርከሃ አጋድመን ሣር እንከድናለን፤ በመካከሉ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት እንተዋለን። ፀሐዩ ሣሩን ይመታል እንጂ ቆርቆሮውን አያገኘውም፤ ቤቱ ይቀዘቅዛል፥ ከሰማይ ለሚያየውም የማንም የበሬ ቤት ይመስላል። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ከታች ቀዳዳ እንከፍታለን፤ ከወዲያ በኩል፥ በገደሉ ፊት፥ ከጣራው ሥር ከፍ አድርገን ሌላ። የሞቀው በላይ ይወጣል፥ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። ቀዳዳውን በቀርከሃ ፍልጥ አጋድመን ስንሠራው ነፋስ ያስገባል እንጂ ዓይን አያስገባም።»

ቡሄም አለፈ፥ ሥራው ቀጠለ። አያ ቢሆነኝ ምርጊቱን በራሳቸው ዶማ አፈረሱት፤ የመጀመሪያዋ ድንጋይ ስትወድቅ አማተቡ። በዳገቱ በኩል የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቆፈሩ። ቄጠማው ተጠርጎ ወጣና ወለሉ ጠጠርና አመድ ለበሰ። ካሚዮኑን በግንድ አነሡት፥ ጎማው ከመሬት ተላቀቀ። ቅቤው በአመድ ተፍቆ፥ በምትኩ ከካሚዮኑ ሳጥን የተገኘ የሞተር ዘይት ተቀባ። ወይዘሮ እማዋይሽ በእንቅብ ደረቅ ከሰል በየማዕዘኑ አስቀመጡ፤ ከሰል እርጥበት ይጠጣልና ፀሐይ ሲወጣ እያሰጡ ይመልሱታል። ይርሳው ደግሞ አንድ ነገር አጥብቆ አስጠነቀቀ፦ «ጉም ባለበት ማለዳና ዝናብ ሲጥል በሩን ይዝጉ፤ ውጭው ከውስጡ የባሰ እርጥብ ነውና። ፀሐይ ወጥቶ ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ ሲደርቅ ይክፈቱ።»

ለመስቀል አያ ቢሆነኝ ብቻቸውን ገቡ። እጃቸውን ቆርቆሮው ሥር ሰደዱ፤ ደረቅ ነው። ብረቱን ዳበሱ፤ ደረቅ ነው። ያን ቀን ካሚዮኑን ጋቢ አላለበሱትም።

ከዚያ ወዲህማ መካሪ ሆኑ፥ ማን ያስቁማቸው! ካሚዮኑን ሳያነሡ፥ «የጥጃህን ቤት ክፈትለት፥ ሳሉ ይለቀዋል» ይላሉ። ጎረቤታቸው ዘሩ ሰምቶ የጥጆቹን ቤት ከታችና ከላይ ቢከፍት፥ በቀጣዩ ክረምት አንድ ጥጃ አልሞተበትም። ወይዘሮ እማዋይሽ በጓዳቸው መስኮት አስወጡ፤ በርበሬያቸው መሻገት ተወ፥ የእሳቱ ጢስ ዓይናቸውን ማቃጠሉ ቀነሰ። አራስ ሊጠይቁ በሄዱበት ቤትም፥ «ልጅቱን አልብሷት፥ ግን ቤቱን አታፍኑት» ማለት ጀመሩ። አሮጊቶቹ መጀመሪያ ተቆጡ፤ እያደር ግን ዝም አሉ። ልማድን መጠበቅ መልካም ነው፤ ለምን እንደ ተደረገ መጠየቅ ግን ልማዱን አያረክሰውም። ጎተራን ከመሬት ያነሣ አባት ጠይቆ ነበር እኮ።

በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጠላት ከቡሬ ወጣ። ክንዱ መጣ፤ ከስቶ፥ ጸጉሩ እስከ ትከሻው ወርዶ፥ ግን በሁለት እግሩ ቆሞ። እልልታው የቆላውን ገደል ሞላው። እናቱን ስሞ ሳይጠግብ፥ «አባባ፥ ያ ነገር...» ሲል አባቱ እጁን ይዘው ወሰዱት። ይርሳው ሽቦውን ቀጠለ፤ ጠላት ትቶት ከሄደው ቤንዚን ከቡሬ አመጡ። ክንዱ ከፊት ያለውን ዘንግ ሲያዞር ካሚዮኑ አንዴ ሳለ፥ ሁለተኛ ሳለ፥ ከዚያ ሲያገሣ የዋንዛ በር ውሻ ሁሉ ጮኸ።

የዋንዛ በር ጤፍ መጀመሪያ በካሚዮን ተጭኖ ቡሬ የወጣው ያን ለት ነው። ወይዘሮ እማዋይሽ ከጆንያው ላይ ተቀምጠው ይዘፍናሉ፤ አያ ቢሆነኝ ከልጃቸው ጎን ናቸው። ዳገቱ ላይ የደጋው ነፋስ ሲመጣ ክንዱ በአባቱ ፊት እጁን ዘርግቶ፥ «መስኮቱን ልዝጋልዎ አባባ፥ ብርድ እንዳይመታዎ» አለ።

አያ ቢሆነኝ የልጃቸውን እጅ ያዙት።

«ተው ልጄ፥ ይግባ» አሉ። «አምስቱን የጠላት ዓመት ዘግተን ኖረናል።»