«ልቀቁት» ወይስ «ንቀሉት»፦ ስለ ቆራጧና ስለ ጋራዡ በር አወዳደቅ

የምስክር ስም፦ በሰፈሩ «መርፌ» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ ስድሳ ስምንት
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ጋራዡ ፊት ለፊት፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ
ከተጠርጣሪዋ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ታላቅ እህት
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጠዋት
ጉዳዩ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለወደቀው የጋራዥ በር

እኔ ምስክሯ እውነቱን ብቻ እንድናገር በመርማሪው ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደልለኝ፣ የቀረበልኝን ሻይ ጠጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪዋን ያውቋታል ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ከእናቴ ሆድ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ስትወለድ ያሰማችው ጩኸት ታች መንገድ ድረስ ተሰምቶ ጎረቤት ደንግጦ ወጥቷል ስል መልሻለሁ። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል ሲለኝ፣ ልጄ፣ የቀረበባት አቤቱታ «እንዲህ ብላ ጮኸች» የሚል አይደለም እንዴ፣ የእሷን ጩኸት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ከየት ይመጣል ብዬዋለሁ። መርማሪውም በሉ ይቀጥሉ ብሎኛል።

አቤቱታው የቀረበው በጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩም እህቴ በእለቱ ከአውቶቡስ ደረጃ ላይ ቆማ ሕዝቡን «ንቀሉት!» በማለት የጋራዡን በር አስነቅላለች የሚል መሆኑ ተነቦልኛል። እህቴ በዚሁ እሑድ የምክር ቤት አባል ሆና መመረጧ በራዲዮ ተነግሯል። ክስ የተመሠረተበት ተመራጭ ክሱ እስኪያልቅ ቃለ መሐላ እንደማይፈጽም መርማሪው አስረድቶኛል። መሐላው የፊታችን ሰኞ ነው። ስለዚህ ነገሩ የበር ነገር ብቻ አለመሆኑን ተረድቼ ቃሌን እሰጣለሁ።

እህቴ ሥራ የጀመረችው እዚያው ጋራዥ በትኬት ቆራጭነት ነው። አባታችን የጋራዡ መካኒክ ስለነበረ እሱ ነው ያስገባት፤ በኋላ በጸጸት ፀጉሩን ሲነጭ ኖሯል። ምክንያቱም በገባች በወሩ ለትኬት ቆራጮቹ መቀመጫ ይሰጥ ብላ ተነሣች። ዝናብ ሲጥል የምንጠለልበት ይሠራልን ብላ ቀጠለች። ከዚያ የሠራተኞች ፓርቲ አባል ሆና መጣች። አባታችንን «አባዬ፣ እኔ እኮ ግራ ክንፍ ነኝ» ስትለው፣ «እኔንማ ድሮም ግራ እንዳጋባሽኝ ነው» ብሎ ወደ ሥራው መሄዱን አስታውሳለሁ።

ያኔ ያረገዘች ትኬት ቆራጭ ትሰናበት ነበር። ደንብ ነው። ባልየው ሹፌር ከሆነ እሱ ሥራውን ይቀጥላል፣ እሷ ግን ዩኒፎርሟን አስረክባ ቤቷ ትገባለች። እህቴ አንዱን ሹፌር አግብታ ነበር፤ ዝም ያለ ሰው ነው፣ እሷ የምታበዛውን ንግግር እሱ በዝምታው ያካክሳል። ስታረግዝ እኔ ጋ መጥታ «እትዬ፣ ዩኒፎርሜን አስፊልኝ» አለችኝ። ተርትሬ፣ ከጎንና ከጎን ጨርቅ ጨምሬ አሰፋሁላት። ሆዷ ግን ከስፌቴ በላይ ሲፈጥን ነገሩን ለጓደኞቿ አዋየቻቸው። በሳምንቱ መጨረሻ የጋራዡ ሴቶች በሙሉ ዩኒፎርማቸውን ይዘው ቤቴን ሞሉት። የሁሉንም አሰፋሁ። ቤት ውስጥ ያለ ትራስ ሁሉ ጥጡ ወጥቶ ሆድ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ተሰልፈው ሥራ ሲገቡ ተቆጣጣሪው አንዷን አየ፣ ሁለተኛዋን አየ፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ምንድን ነው ይሄ? ሁላችሁም?» ሲል፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራት አንዲት ሴትዮ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ባሌን ጠይቅልኝ» አለችው። (ምስክሯ እዚህ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ሳቁ። ሲረጋጉ ቀጥለዋል።)

ተቆጣጣሪው ሁሉንም አሰናብቻለሁ ሲል የእህቴ ባል ሞተሩን አጥፍቶ ከአውቶቡሱ ወረደ። አንድም ቃል አልተናገረም። ሌሎቹም ሹፌሮች አጠፉ። ተሳፋሪው ነገሩን ሲሰማ ከመቆጣት ይልቅ ወርዶ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔ ይህን ሁሉ ከሰገነቴ ሆኜ አይቻለሁ። በዚያው ቀን ደንቡ ተነሣ። ልጅቱም በሰላም ተወለደች፤ አድጋ ዛሬ የአውቶቡስ ሹፌር ናት፣ እሑድ በነበረውም ነገር ስላለችበት ወደ ኋላ አነሣታለሁ።

የእህቴ ቅጽል ስም የመጣው ያን ጊዜ ነው። ድሮ በሥራዋ «ቆራጯ» ይሏት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ «ቆራጧ» አሏት። የተለወጠው አንድ ፊደል ብቻ ነው። መርማሪው ሁለቱንም ለይቶ እንዲጽፍልኝ ጠይቄ ጽፎልኛል።

ከዚህ በፊት ታስራ ታውቃለች ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አዎን ታውቃለች ብያለሁ። ያለ ፈቃድ ስብሰባ ጠርተሻል ተብላ በዚሁ ጣቢያ ታስራ ነበር። መርማሪው ያኔ አልተወለደም። ምሳ ሳመጣላት ከእሷ ጋር የታሰሩት ሴቶች ሲስቁ ድምፃቸው ከውጭ ይሰማኝ ነበር፤ ጠባቂው «ሴትዮ፣ እህትዎን ቶሎ ይውሰዷት፣ እስረኛው መውጣት እንቢ ይለናል» ብሎኛል። ብትፈታም ከሥራዋ ተባረረች። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ከእኔ ጋር ቁልፍ እየተከለች፣ ማታ ማታ ሕግ ተማረች። የስፌት መኪናዬ ድምፅ ካልተሰማት ማጥናት አይሆንላትም ነበር። ጠበቃ ሆና የመጀመሪያ ጉዳይዋን ያሸነፈች ቀን አባታችን ጋራዥ ገብቶ ከመኪና ሥር የተኛውን ሁሉ እግሩን እየጎተተ እያወጣ «ልጄ ረታች!» ሲል ውሏል።

ከወንዙ ማዶ ስላሉት ሰዎችም መናገር አለብኝ። የጡብ ሠራተኞች ናቸው። ከተማው የተሠራው በእነሱ ጡብ ሆኖ ሳለ እነሱ ነዋሪ አይደላችሁም ተብለው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አይመዘግብም፣ እነሱም አይመርጡም፣ አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ይዞራል። እህቴ ጉዳያቸውን በነጻ ይዛ ለዓመታት ተመላለሰች። የከተማው ጠበቃ ማዶ ያለው ሰፈር ከከተማው ውጭ ነው እያለ ሲያስቸግራት፣ ዳኛው ራሳቸው መጥተው እንዲያዩ ጠየቀች። መጡ። ክረምት ነበር። ከድልድዩ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ሰዎቹ በሚመላለሱበት መንገድ ይዛቸው ሄደች። እኔም ጃንጥላ ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ዳኛው ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተው «ለመሆኑ ይህ ከተማችን ውስጥ ነው?» አሏት። እህቴም «ክቡር ዳኛ፣ ጫማዎ ውስጥ የገባው ጭቃ የከተማው ነው፤ በካርታው ላይ አለ። አይደላችሁም የተባሉት ሰዎቹ ብቻ ናቸው» አለቻቸው። ዳኛውም ጫማቸውን እዚያው አውልቀው አራገፉና እስከ መጨረሻው ሄደው አዩት።

ፍርዱ ለሰዎቹ ሆነ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ድልድዩን የተሻገረ ቀን እህቴ ከትኬት ቆራጩ ላይ ቦርሳውን ለምና ተቀብላ ያን ጉዞ ራሷ ቆርጣለች። አውቶቡስ ተሳፍረው የማያውቁ አሮጊት መቀመጫው ላይ አልቀመጥም፣ ቆሜ ልየው ብለው በመስኮቱ እስከ ከተማው መሐል ሲያዩ ሄዱ። እህቴ ስታለቅስ ሳያት «ምን ሆንሽ?» ብላት፣ «ምንም፤ ትኬት መቁረጥ ናፍቆኝ ነው» ብላኛለች። ውሸቷን ነው። ውሸቷን መሆኑን ስለማውቅ በምስክርነቴ ላይ እንዲጻፍ አድርጌአለሁ።

ለምክር ቤት ስትወዳደር መጀመሪያ ተሸንፋለች፣ ደግማም ተሸንፋለች። በመጀመሪያው ሽንፈት እኔ ቤት መጥታ ጫማዋን አውልቃ ተንጋለለችና «እትዬ፣ የሰፈራችን ሰው እንኳ አልመረጠኝም። አንቺስ?» አለችኝ። ምርጫ በምስጢር ነው ብዬ መለስኩላት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዘንድሮ ግን ማዶ ያሉትም መራጭ ሆነው ተሰለፉና አሸነፈች።

አሁን ወደ እሑድ ልምጣ። ውጤቱ በራዲዮ ከተነገረ በኋላ ሕዝቡ በድልድዩ በኩል እየዘፈነ መጣ። ጡረታ የወጡት ትኬት ቆራጮችም መጡ። እህቴን ከእኔ ቤት አውጥተው ወደ ጋራዡ ፊት ወሰዷት። በዚያው ሰዓት የእህቴ ልጅ ሥራ ጨርሳ አውቶቡሷን ልታስገባ ስትደርስ መንገዱ ሞልቶ አላሳልፍ አላት። ክላክሷን ስታሰማ ሕዝቡ የእሷም ደስታ መስሎት ይበልጥ ጨፈረ። እናትዋንም ተሸክመው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አቆሟት። እህቴ በእጇ ሰዉን ወደ ኋላ ስታደርግና «መንገድ ስጡ፣ ልጅቱ ከጠዋት ጀምሮ ስትነዳ ነው የዋለችው» ስትል ሰምቻለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያይ ግርግሩ ግቢ እንዳይገባ ፈርቶ በሩ ይዘጋ አለ። ዘበኛው «ጌታዬ፣ የላይኛው ማጠፊያ ተሰንጥቋል፣ ሰሞኑን አልዘጋነውም» ሲለው አልሰማውም። ራሱ በሩን ይዞ መግፋት ጀመረ። ዘበኛውም ከጎኑ ሆኖ ያዘ። እኔ ከላይ ሰገነቴ ላይ ስለነበርኩ ማጠፊያው ሲለቅ አይቻለሁ። በሩ ወደ ውጭ ማዘንበል ሲጀምር እህቴ ከደረጃው ዘላ ወረደችና «ልቀቁት! ልቀቁት!» ብላ ጮኸች። ዘበኛው ለቀቀና ዘሎ ዳነ። ሥራ አስኪያጁ አልለቀቀም። በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀስ እያለ አብሮት ወደቀ። በሩን ከሕዝቡ መካከል የነካው ሰው የለም። ቀድማ የደረሰችለትም እሷው ናት፤ እጁን ይዛ አነሣችው፣ ሌሎቹ አቧራውን አራገፉለት፣ ጭረት እንኳ እንደሌለበት ሲያዩ ይዘውት ጨፈሩ። መጀመሪያ ተግደረደረ፤ በኋላ ግን እግሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«ንቀሉት» አለማለቷን በምን እርግጠኛ ሆኑ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አንደኛ ድምፅዋን አውቃለሁ፤ ሁለተኛ «ንቀሉት» ብላ ቢሆን ዘበኛው ለምን ይለቅ ነበር ስል መልሻለሁ።

በዚህን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ ገብቷል። እሱም በጆሮዬ የሰማሁት «ንቀሉት» ነው ሲል ጸንቷል። መርማሪው ጥቂት ካሰበ በኋላ ሁላችንንም ወደ ግቢ አወጣን። የጣቢያው ሹፌር መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክስ እንዲነፋ፣ አንድ ኮንስታብል ደግሞ ከግቢው ጥግ ከሁለቱ ቃላት የወደደውን እንዲጮህ አዘዘ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ኮንስታብሉ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ «ንቀሉት! ይኸው፣ ንቀሉት ነው ያለው!» አለ። ኮንስታብሉ ያለው ግን «ልቀቁት» ነበር። እንደገና ተሞከረ። እንደገና ተሳሳተ። ሦስተኛው ላይ እኔም ተሳስቻለሁ፤ ነገር ግን የኮንስታብሉን ድምፅ እንደ እህቴ ድምፅ ከልደቱ ጀምሮ አላውቀውም። ቃል ለመስጠት ሳይጠሩ መጥተው ከአጥር ውጭ የተሰለፉት ሰዎች ጨዋታ መስሏቸው «ልቀቁት!» «ንቀሉት!» እያሉ ይገምቱ ጀመር፤ መርማሪው ዝም ሊያሰኛቸው ሞክሮ እሱም ሳቁ አሸነፈው።

ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም ነበር። ወደ መርማሪው ዞሮ «ስታነሣኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ተጎድተው ይሆን ብላ ነው። ይህን በአቤቱታዬ ላይ አልጻፍኩትም» አለ። ቀጥሎም «አቤቱታዬን ትቻለሁ። ማጠፊያውንም ሲነግሩኝ ማሠራት ነበረብኝ» ብሎ በፊታችን ፈርሟል። እጄንም ጨብጦኛል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ስለሆነ ይዞልኝ ቢመጣ እንደምጠቅምለት ነግሬዋለሁ።

የሚጨምሩት አለ ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ አለ ብያለሁ። ይህ ቃል ቶሎ ተነቦልኝ እንድሄድ እፈልጋለሁ። እህቴ ሰኞ ለመሐላው የምትለብሰው ቀሚስ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ እጅጌው ገና አልገባም። ጨርቁን ስለካ «እትዬ፣ ኪስ አድርጊበት፤ ጠለቅ ያለ ይሁን» ብላኛለች። ለክብር ልብስ ኪስ አያምርም ብላት፣ «ሰው ችግሩን ጽፎ የሚሰጠኝ መንገድ ላይ ቆሜ ነው፤ በእጄ ከያዝኩት የሚቀጥለውን ሰው በምን ልጨብጥ?» አለችኝ። ስለዚህ በግራም በቀኝም ኪስ አድርጌበታለሁ፣ ገበሩንም ድርብ አድርጌዋለሁ፤ ብዙ ቢገባበትም አይቀደድም።

ከላይ የሰፈረው ቃል የራሴ ነው። ጮክ ተብሎ ሲነበብልኝ ሰምቼ፣ የሳቅሁበትም ያልሳቅሁበትም ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ
የቃል ተቀባዩ መርማሪ ፊርማ