ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ዳቦ

ውሃው አልሞቀብሽም አይደል እህቴ? እሺ... ጭንቅላትሽን ወደ ኋላ ጣል አድርጊው፣ እንዲህ፣ አንገትሽን አታስጨንቂው። አንቺ ብልሽ ቅር አይልሽም መቼም፤ ሦስተኛ ፎቅ ከገባሽ ገና ሳምንትሽ ቢሆንም ከእንግዲህ ጎረቤታሞች ነን። የኔ ፀጉር ቤት ይኸው ምድር ቤቱ ላይ ነው፤ የባለቤቴ ዳቦ ቤት ደግሞ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ። እስቲ ግድግዳውን ንኪው... ሞቅ አላለሽም? የሱ የማገዶ ምድጃ ነው። ማሞቂያ ገዝቼ አላውቅም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጀርባዬን የሚያሞቀኝ ባሌ ነው።

አንቺስ እህቴ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጥሽው፣ ትንሽ ትታገሺኛለሽ አይደል? ቀጥሎ አንቺ ነሽ። መጽሔት አለልሽ፣ አገላብጪ። የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን ናት፤ በኋላ ትተዋወቃላችሁ፣ አሁን እጇ ዘንቢል ይዟል።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ስለ ሕንፃው። ጥሩ ሕንፃ ነው፣ ሰዉም ጨዋ ነው። አንድ ነገር ብቻ እንዳታጠፊ... ደረጃው ላይ ጫማሽን አታንኳኪ። እዚህ የዳቦ ማሽን አለች።

የማን ናት? ተይው፣ ስም ምን ያደርግልሻል። አንዲት ጨዋ ሴት አለች እንበል። ሊጡ ኩፍ እያለ ሳለ ደረጃ ከተንኳኳ ደንግጦ ይወርዳል ብላ ነገረችን። ተሰብስበን ተወያየንበት እኮ! በእጅ ብልጫ ተወሰነ። በሯ ላይ ቀይ መሃረብ ከተሰቀለ ማሽኗ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው፤ ጫማ ማውለቅ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛው ዳኛ፣ በሥራ ዘመናቸው ለማንም አንገታቸውን ደፍተው የማያውቁ ሰው፣ ጫማቸውን አንጠልጥለው በካልሲ ሽቅብ ይወጣሉ። የሙዚቃ አስተማሪው ጥሩምባው ውስጥ ትራስ ወትፎ ነው የሚለማመደው። አራስ ያለችበት ቤት እንኳ እንዲህ አይከበርም። ደግሞስ ቢከበር ምን ይገርማል? ለዳቦዋ ሲባል ነው።

ቆይ፣ ቀለሙን ላማስልልሽ... ጥቁር ቡናማ ነው ያልሽኝ? ይህቺን ማማሰያዬን አየሻት? አጭር፣ ጠፍጣፋ፣ ጫፏ ላይ ቀዳዳ ያላት። ለቀለም እንደሷ የሚስማማ የለም። የሷንም ታሪክ አጫውትሻለሁ።

ማሽኗን ባሏ ነው አሉ ለልደቷ የገዛላት። ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ እርሾውን ማሽኗ ውስጥ ካለችው ባልዲ ትጨምሪያለሽ፣ ክዳኗን ዘግተሽ ቁልፏን ትጫኛለሽ፣ ከዚያ ሄደሽ ጥፍርሽን ቀለም መቀባት ነው። ራሷ ታቦካዋለች፣ ራሷ ትጋግረዋለች፣ ሲደርስ ጢጥ ትላለች። ያቺ ሴት የመጀመሪያዎቹን ዳቦዎች ለጎረቤት አዳደለች፤ ደግ ናት፣ ለራሷ ያላስቀረችውን ነው የሰጠችን... ለምን እንዳላስቀረች የገባኝ ኋላ ነው። ለኔም ደረሰኝ። የዳቦ ጋጋሪ ሚስት መሆኔን ረስታ አይመስለኝም፤ ከፍቅር ነው። እንዴት ያለ ጽኑ ዳቦ መሰለሽ! ቢላዋ አልደፈረውም። የዳኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ በዚያ ዳቦ ነው የተሰነጠቀው፤ እሳቸው ግን ሥርዓት ያላቸው ሰው ናቸው፣ ጥርሱ ድሮም አሮጌ ነበር አሉ።

እኔ እንደ ምንም ብዬ ስሰብረው ከውስጡ ምን ወጣ? ይህቺ ብረት። አዎ፣ ቀለምሽን የማማስልባት! ከባልዲው ሥር ተሰክታ እየዞረች ሊጡን የምታቦካው እሷ ናት አሉ። የማሽን ዳቦ ከሥሩ ቀዳዳ ያለውም በሷ ምክንያት ነው፤ ዳቦው እላይዋ ላይ ይጋገርና ሲወጣ ቦታዋ ጎድጉዶ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ እንዲህ ተነቅላ አብራ ትወጣለች፣ ያጋጥማል። ያለሷ ማሽኗ ዱቄትና ውሃ ከማሞቅ በቀር ሌላ ሥራ የላትም። እና ምስኪን ትቸገራለች ብዬ ብረቷን አጥቤ ልመልስላት ስነሳ... በሩ ተንኳኳ። እሷው ናት፣ ሌላ ዳቦ ይዛ! ያውም ለስላሳ፣ ያውም ከነቀዳዳው!

መለዋወጫ ይኖራታል አልኩ ለራሴ። «ያቺ የምታቦካው ብረት ደህና ናት?» ብዬ ጠየቅኳት። «እንዴታ! ዛሬ ጠዋት በእጄ አጥቤ ሰካኋት» አለችኝ። ብረቷ እኮ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ናት! ምን ልበል? ሰው በቤቱ ያለውንና የሌለውን ከኔ በላይ ያውቃል ብዬ ዳቦውን ተቀበልኳት። ይኸው ዛሬ ድረስ እኔ ቀለም አማስልባታለሁ፣ ማሽኗም ያለሷ ታቦካለች። ደግሞ ብረቷ ከጠፋች ወዲህ የዳቦው መሻሻል! ባይሆን ይህን ማሽኗን ለሠሩት ሰዎች ማሳወቅ ነው፤ ለካ ብረቷን በከንቱ ነው የሚጨምሩባት።

ያቺ ሴት እንዲህ ያለ ጥበብ ይዛ ዝም አላለችም፣ አስተማረችን። የዳቦ ቤት ዳቦ አየር ነው አለች። ሆድ ይነፋል አለች። ምን እንደሚጨምሩበት ማን ያውቃል አለች። እኔማ ስንት ዓመት በልቼው ይኸው አለሁ... ግን እኔ ምን አውቃለሁ? የምታውቅ ሰው ስትናገር መስማት ነው። ሕንፃው በሙሉ ከባሌ ሱቅ እግሩን ሰበሰበ። በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ ማዶ ያዞራሉ፤ ከማፈር ነው፣ አልፈርድባቸውም።

መብራት የጠፋ ሰሞንስ ብልሽ? አሳንሰሩ ቆመ፣ ማቀዝቀዣው ሁሉ ውሃ ሆነ፣ እኔ የሰው ፀጉር በፎጣ እያደረቅኩ ከረምኩ። የሷ ማሽን ግን አንድ ቀን አላረፈችም። ቀይ መሃረቡ ተሰቀለ፣ ዳኛው ጫማቸውን አወለቁ፣ ዳቦው ወጣ። እንዲህ ያለ ጨዋ ማሽን አይተሽ ታውቂያለሽ? መብራት ሲያበሏትም ሳያበሏትም እኩል የምትሠራ!

ምነው እህቴ፣ በሩ አጠገብ ያለሽው... ላብ ላብ አለሽ። ግድግዳው ይሆናል፣ እዚያ ድረስ ይሞቃል። መስኮቱን ልክፈትልሽ? ዘንቢልሽንስ ልቀበልሽና ከፍ አድርጌ ላስቀምጥልሽ? እሺ፣ እሺ፣ ጭንሽ ላይ ይሁን። ሽታው ግን እንዴት ደስ ይላል!

ማዶ ደግሞ አንዲት ባለሱቅ አለች፤ ከባሌ ዳቦ እየተረከበች ነው የምትሸጠው። በቀደም ፀጉሯን ልትሠራ መጥታ ስታጫውተኝ፣ «ገበያው ቢቀዘቅዝም አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ በየማለዳው ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ ትመጣና በቆርቆሮ ፎርማ የተጋገረውን ረጅሙን ዳቦ፣ ያውም ትኩሱን ብቻ መርጣ ትወስዳለች» አለችኝ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኳትም። ዳቦ መግዛት ነውር ነው እንዴ? አንድ ነገር ብቻ እንደገረማት ነገረችኝ፤ ሴትየዋ ጥግ ትሄድና ዳቦውን ገልብጣ በአመልካች ጣቷ ከሥሩ ትወጋዋለች አሉ። አንዴ ብቻ፣ ጠለቅ አድርጋ። ትኩስነቱን ለማረጋገጥ ይሆናል... አይመስልሽም?

እስከዚህ ድረስ እኔም ስቄያለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቀኝም።

ባለፈው እሁድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያቺ ሴት ዳቦዋን አቀረበች። ሞቅ አድርጋ፣ ቅቤ ቀብታ፣ በሳህን። ለባሌም ሰጠችው። የኔ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ የበላው ቆሞ ነው፤ የተሰበረውን፣ ያረረውን፣ ሳይሸጥ ያደረውን። የገዛ ዳቦውን ትኩሱን፣ ተቀምጦ፣ ሰው አቅርቦለት ቀምሶ አያውቅም። አላመጠ... ዓይኑን ጨፈነ... እንደገና ቆረሰ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ባለበት «ተሸንፌያለሁ» አለ። «እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዳቦ ጋግሬ አላውቅም።» ያቺ ሴትም ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጋ «አይዞዎት፣ ማሽን እኮ ነው» አለችው። እንዴት ያለች ርኅሩኅ! ሌላ ብትሆን ትስቅበት ነበር።

አንጀቴ ነው የተቆረጠው፣ አልደብቅሽም። ከዚያ ቀን ወዲህ እየዞረ የዳቦዎቹን ሥር ያያል። «ምስጢሩ ቀዳዳው ነው» ይለኛል፣ «አየር የሚገባለት በሱ ነው።» ምድጃውን ሊሸጠው ነው። ገዢም አግኝቷል፤ አፍርሰውት መኪና ማጠቢያ ሊያደርጉት። ይህ ግድግዳ ሊቀዘቅዝ ነው እህቴ። ያሸነፈህ የራስህ ዳቦ ነው ብዬ ብነግረው ያምነኛል? ነገርኩት እኮ! ሚስቴ ስለሆንሽ ልታጽናኚኝ ነው ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከኔ አፍ አይሰማም። ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነበር የሚሰማው... ግን ሥራ የበዛባትን ሴት ማን ያስቸግራል?

ደግነቱ ሳይሸጠው በፊት አንድ ነገር ተመኘ። ነገ ጠዋት ምድጃውን ሳይለኩስ ያቺ ሴት ቤት ሄዶ ሊማር ነው! ሽርጡን አጥቤ ተኩሼለታለሁ። ዱቄቱ ከሚሰፈርበት ጢጥ እስከምትልበት ድረስ ማሽኗ አጠገብ ቁጭ ብሎ ዓይኑን ሳይነቅል ሊያይ። ዳኛውም ይመጣሉ፣ ጥርሳቸውን አሠርተዋል። የሙዚቃ አስተማሪውም ትራሱን አውጥቶ ዳቦው ሲወጣ ጥሩምባ ሊነፋላት ነው። በቃ ሕንፃው በሙሉ ቁርሱ እሷ ቤት ነው፤ አንቺም እንዳትቀሪ። ቀድመን ልንነግራት ነበር፣ ኋላ ግን ድንገተኛ ደስታ ይበልጣል ተባባልን።

ውይ! አሁን ገና ትዝ አለኝ... ነገ ምድጃው ካልነደደ ማዶ ያለችውም ባለሱቅ ዳቦ የላትም። ያቺ ኮፍያ የምትደፋ ምስኪን ደንበኛ ምን ይውጣት ይሆን?

እስቲ ቀና በይ። አየሽ፣ እንዴት እንዳማረብሽ! ቀለሙ ትንሽ ይያዝልሽና እናጥበዋለን።

እህቴ፣ ወዴት ነው? ተራሽ እኮ ደረሰ! ቸኮልሽ? በይ እንግዲህ አልይዝሽም። ባሌ ዛሬ እስኪመሽ እዚያው ነው፤ በሩ ከኔ በር ቀጥሎ ያለው ነው፣ አይጠፋሽም... ምናልባት ዳቦ ካስፈለገሽ ብዬ ነው። ቆይ፣ ቆይ፣ ይህቺን ብረት ያዢልኝ። አጥቤያታለሁ፣ ትንሽ ብትጠቁርም ትሠራለች። ባለቤቷን ሳታውቂያት አትቀሪም፤ ለነገ ትፈልጋት ይሆናል። ሰላምታዬንም አድርሺልኝ። ክፉዋን አያሰማን በያት። እጇን ቁርጥማት አይንካው፣ ያቺን አመልካች ጣቷን እሾህ አይውጋት። ከቤቷ ዳቦ አይታጣ... ይልቁንም ነገ ጠዋት። አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ!