ነቀምቴ፣ መዛወሪያ ጣቢያ

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ የክፍል ፈተና ላባዛ ወደ ቂርቆስ ሱቅ ጎራ አልኩ። ቂርቆስ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር አስፋልት ዳር ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ የጉራጌ ነጋዴ ነው፤ «ከወረቀት ይልቅ ወሬ ያባዛል» እያልን እናሾፍበታለን። እኔ ሙሉነሽ እባላለሁ። በነቀምቴ ከተማ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ስለ ካርታ የተከራከረኝ ተማሪ አንድም የለም፤ ያልኳቸውን ይጽፉና ይወጣሉ። የካርታ ክርክር የገጠመኝ በዚያ ቀን፣ ያውም ከአንድ ሽማግሌ አፍ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ማሽኑ አጠገብ ቆመው ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬ ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት እዚሁ ወለጋ፣ ጊዳ አያና ሲያርሱ ኖረው፣ ያ የግጭት ክፉ ጊዜ ሲመጣ ከልጅ ልጃቸው ከሚስራ ጋር ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው ነቀምቴ ገቡ። ሚስራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የማስተምራት ልጅ ናት፤ ከጎበዞቹም ጎበዝ ናት።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ ጋሽ እንድሪስ?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ቲቸር፤ አልሐምዱሊላህ» አሉና የያዙትን ወረቀት በመዳፋቸው ሸፈኑ።

የተሸፈነ ወረቀት ማየት አልወድም፤ የመምህርነት አመል ነው። ቂርቆስ ኮፒውን ሲያወጣው አንገቴን ሰገግ አድርጌ አነበብኩት። «የልጅ ልጄ ሚስራ ከእኔ ጋር ወደ ወሎ ስለምትሄድ መሸኛ እንዲሰጣት በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል።

«ምን ነካዎት?» አልኳቸው። «ማትሪኩ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው! አሁን ይዘዋት ከሄዱ የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ሳያዛውሩን በፊት በገዛ እግራችን እንውጣ ብዬ ነው፣ ቲቸር።»

«ማን ነው የሚያዛውራችሁ?»

ጋሽ እንድሪስ ወደ በሩ ገልመጥ አደረጉ። ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ ግድግዳውን አሳዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አነሆ፤ ወጥቷል» አሉ።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መስመሮች በማስመሪያ እንደተሰመሩ ቀጥ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ በየመሐሉ ነጭ ክብ ክብ ነጥቦች አሉ። በላዩ ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ «የአገራችን የመንገደኛ ባቡር» ተብሎ ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር እኔም አልወደድኩትም። ሰሜን የለው፣ ስኬል የለው፣ ተራራ የለው። ካርታ ነኝ ማለቱን ራሱ ጠረጠርኩት።

«ይኸውልዎት» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያሳረፉ። «ይቺ ኮምቦልቻ ናት። ይቺ ነቀምቴ ናት። ኮምቦልቻና ነቀምቴ ባንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ካየሁ እኔ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይቺ ደግሞ ጊዳ አያና። ከጊዳ አያና ቀጭን መስመር ወጥቶ ነቀምቴ ይገባል። ነቀምቴ ላይ ምን ይላል? ያንብቡልኝ።»

«መዛወሪያ ጣቢያ» ብዬ አነበብኩ።

«አበቃ።»

ከኮምፒውተሩ ኋላ አንዲት ልጅ ብድግ አለች። ሊሊሴ ትባላለች፤ የዲጋ ወረዳ ልጅ ናት። የከተማ ፕላን ተምራ ተመርቃ፣ ሥራ እስክታገኝ ድረስ ቂርቆስ ዘንድ ማመልከቻ ትተይባለች። ካርታውን የሠራችው እሷ ነበረች።

«አካኮ፣ አያቴ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች ፊቷ ቀልቶ። «መንግሥትም አላዘዘኝም፤ በትርፍ ጊዜዬ ነው። ባቡር ብቻ ነው። ሰው የሚዛወርበት አይደለም።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትቆጪ» አሉ ሽማግሌው በትሕትና። «አንቺ አታውቂ ይሆናል። ወረቀት የሚሠራው ሌላ፣ ወረቀቱን የሚጠቀምበት ሌላ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር! እስቲ ንገሪኝ፤ ነቀምቴ ውስጥ ባቡር አለ?»

«የለም።»

«የሌለ ባቡር ለምን ትስያለሽ?»

«ያለውን በድፍኑ ነው የሳልኩት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውን ይዩት። መንገደኛ መጫን ያልጀመረውንና በዕቅድ ብቻ ያለውን በቁርጥራጭ መስመር ነው ያደረግሁት። ነቀምቴ የምትደርሰው በቁርጥራጩ ነው፤ አልደበቅሁም። ቀጭኑ ደግሞ የአውቶቡስ ነው። ከአያና የመጣ ሰው አንድ ቀን ባቡሩ ሲመጣ የት ወርዶ የት እንደሚሳፈር ያሳያል።»

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሊሊሴ፣ መንገዱ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ሆኖ ሳለ አንቺ ቀጥ አድርገሽዋል። ይሄ ለተማሪ ስሕተት ማስተማር ነው። እኔ ብሆን ዜሮ ነበር የምሰጥሽ።»

«ልክ ብለዋል፣ ቲቸር! ጠማማን ቀጥ አድርጎ የሚስል ሰው ሌላም ነገር ይዋሻል» አሉ ጋሽ እንድሪስ። በተለያየ ምክንያት የምንጠረጥር ሁለታችን በአንድ ወገን ተሰለፍን።

ሊሊሴ አልተቆጣችም። ከቂርቆስ መደርደሪያ አንድ ካርቶን ላጲስ አውርዳ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው።

«ኧረ ልጄ፣ የሚሸጥ ነው!» አለ ቂርቆስ።

«አልበላውም። አካኮ፣ ወሎ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ያውቃሉ አይደል? ከአያና ተነስተው እንዴት ነው የሚሄዱት? ለማያውቅ ሰው እንደሚነግሩ አድርገው ይንገሩኝ፤ ቦታ በጠሩ ቁጥር አንድ ላጲስ ያስቀምጡ።»

ጋሽ እንድሪስ ወጥመድ እንዳለው ጠርጥረው ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ግን መንገድ የሚያውቅ ሰው መንገድ ሲጠየቅ ዝም ማለት አይሆንለትምና ጀመሩ። «ከአያና በማለዳ ተሳፍሬ ነቀምቴ እወርዳለሁ።» ሁለት ላጲስ። «ነቀምቴ ላይ የአዲስ አበባውን እይዛለሁ። ባኮን፣ አምቦን አልፌ አዲስ አበባ አድራለሁ።» ሦስት ላጲስ። «በማግሥቱ የደሴውን ይዤ፣ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ደሴ።» ሦስት ላጲስ ጨምረው ቀና አሉ።

«የጉደር ቁልቁለትስ? የጣርማ በር ጠመዝማዛስ?» አለች ሊሊሴ።

«እሱን ሹፌሩ ይወቀው! እኔ ምን አገባኝ? የት እንደምወርድና የት እንደምቀይር ካወቅሁ…»

ቃላቸውን አልጨረሱትም። ባንኮኒው ላይ ስምንት ላጲሶች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ አንዱም አልተጣመመም። ቂርቆስ ሳቁ አመለጠው። እኔም ሃያ ስድስት ዓመት የለካሁት ስኬል ሁሉ ለመንገድ ሠሪው እንጂ ለተሳፋሪው እንዳልነበረ ገባኝና አፈርኩ። ለመሐንዲስ ጠመዝማዛው ዳቦው ነው። ተሳፋሪ ግን የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የት እሳፈራለሁ፣ የት እቀይራለሁ፣ የት እወርዳለሁ። ይህን ባለማወቁ ስንቱ ገበሬ በደላላና በረዳት አፍ ሲጎተት ኖሯል!

«እሺ፣ ቀጥ ማለቱን ተውኩት» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ቃሉን ግን አልተውም። አታስታውሺ፤ አልተወለድሽም። በሰባ ሰባት እናትና አባቴን ቀብሬ ኮምቦልቻ መጠለያ ገባሁ። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እህቴ ሩክያ አሥራ ሁለት። ስትተኛም እጄን ይዛ ነበር የምትተኛው። አንድ ቀን ጫኑን። አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ አወረዱንና ወረቀት የያዘ ካድሬ መጥቶ፣ ‹ይህ መዛወሪያ ጣቢያ ነው፤ ስማችሁ ሲጠራ ውጡ› አለ። የእኔ ስም ተጠራ። የሷ አልተጠራም። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ብጠይቅ፣ ‹ስትደርስ ታየዋለህ› አለኝ። ስደርስ አየሁት፤ ወለጋ ነው። እሷ የት እንደ ደረሰች የሰማሁት ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ከዘራቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው ቀጠሉ።

«መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝ እዚያው ሰፈራ ጣቢያ ነው። መጀመሪያ ሆሄ ቆጥሬ ያነበብኩት ቃል ‹ጣቢያ› ነበር። አሁን እዚህ ግድግዳ ላይ ሳነበው እንዴት አልፈራም?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ግን የኚህን ሰው እባብ እኛ አላየነውም ነበር። ሊሊሴ ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«አካኮ፣ በኦሮምኛ የጻፍኩትን አላነበቡትም?»

«የቁቤን ፊደል አላውቅም እኮ። መናገሩን ነው የማውቀው።»

«ቡፈታ ነው የሚለው።»

ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብለው ቃሉን ደገሙት። «ቡፈታ… ሸክምህን አውርደህ የምታርፍበት። ይሄማ ደግ ቃል ነው።»

«ያኔ ካርታ አልነበረም ይላሉ?» አለች። «ነበረ፤ ግን ካድሬው እጅ ውስጥ ነበር። እርስዎ እጅ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሩክያ መኪና ወዴት እንደሚሄድ በዚያው ቀን ያውቁ ነበር። እኔ ይሄን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ማንም ‹ስትደርስ ታየዋለህ› እንዳይባል ነው። ቃሉን ግን ስቻለሁ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉት ነበር?»

ሽማግሌው የተደረደሩትን ላጲሶች በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ላጲሱን ስደረድር ምን አልኩሽ? እቀይራለሁ ነው ያልኩሽ። የሚዛወር ሰው ሌላ ያዛውረዋል። የሚቀይር ግን ራሱ ነው የሚቀይረው። መቀየሪያ በይው።»

ሊሊሴ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ «መዛወሪያ»ን አጥፍታ «መቀየሪያ» ብላ ጻፈች። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ማመልከቻውን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ እንድሪስ ግን ወረቀቱን አልለቀቁም፤ ገና ጥርጣሬ ነበራቸው።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አሏት፣ እንባቸው ጠብ ጠብ እያለ። «ሩክያ ፓዌ ናት። እዚያ ነው የጣሏት፤ እዚያ ነው የወለደችው የከበደችው። አንዴ መጥታ አይታኛለች፤ እኔ ግን መንገዱን የሚነግረኝ የማምነው ሰው አጥቼ አልሄድኩም። እስቲ ከነቀምቴ ፓዌ አንድ ቀይ መስመር ስቢልኝ። ለዓይኔ ያህል።»

ወዲያው ብትስል ምን ነበረበት? እኔ ብሆን እስለው ነበር። ሽማግሌ ለምኖ፣ አልቅሶ እንኳ! ሊሊሴ ግን አንገቷን ደፍታ ራሷን ነቀነቀች።

«አካኮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፓዌ የሚሄድ ባቡር የለም፤ ባየኋቸው ዕቅዶች ላይም አላገኘሁም። በቁርጥራጭ እንኳ ልስልልዎት አልችልም። ለእርስዎ ብዬ ከዋሸሁ ሌላው መስመር ሁሉ ውሸት ይሆናል።»

ቂርቆስ «አይ ጭካኔ!» ብሎ አጉረመረመ። የጋሽ እንድሪስ ፊት ግን ፈካ።

«ሰምታችኋል?» አሉን። «ያኔ ያልነገሩን ነገር አልነበረም። ቤት ተሠርቷል፣ በሬ ተዘጋጅቷል፣ ውሃው በደጃችሁ ነው ብለው ነው የጫኑን። የለም ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው አላገኘሁም። ይቺ ልጅ እያለቀስኩ ለምኛት የለም አለችኝ። እንግዲህ አለ ያለችውን ባምናት አይፈረድብኝም።»

«በባቡር አልስልዎትም እንጂ በአውቶቡስ መንገድ አለ» አለች ሊሊሴ። «እሱን ልሳልልዎት?»

ጋሽ እንድሪስ የያዙትን የመሸኛ ማመልከቻ ገልብጠው ባዶውን ጀርባ ባንኮኒው ላይ ዘረጉላት። ወረቀት ስላልነበረ አይደለም፤ የወረቀት ሱቅ ውስጥ ነን።

ይህን የጻፍኩት እንደ እኔ ሰሜን የሌለውን ካርታ ሁሉ ለሚንቁ አስተማሪዎችና እንደ ጋሽ እንድሪስ ልባቸው ለተቃጠለ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለ ካርታ በየመናኸሪያው ቢለጠፍ ፊደል ያልቆጠረው ቀለሙን ተከትሎ ይሄዳል፤ ታማሚ ይዛ ከገጠር የመጣች እናት የት እንደምትቀይር ማንንም አትለማመጥም፤ ያለውና የሌለው መስመር በግልጽ ከተለየም ባቡሩን እሠራለሁ ያለው ክፍል ቃሉን መጠበቁን ሕዝቡ በዓይኑ ይቆጣጠራል። ካርታ ሠሪዎችም ቃል ሲመርጡ ያንን ቃል በሕይወቱ የከፈለበትን ሰው ይጠይቁ። ባቡሩ ሲመጣ ይምጣ፤ መንገዱን ማወቅ ግን ዛሬ ይቻላል።

ሊሊሴ ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዞረችው። ነቀምቴ፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ቻግኒ፣ ፓዌ፤ አምስት ክብ ነጥቦች።

«መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ» አለች።

«እጠይቃለሁ። ደግሞም አሁን አልሄድም፤ ሚስራ ከተፈተነች በኋላ አብረን ነው የምንሄደው» አሉና ነጥቦቹን በጣታቸው ተከተሉ። «ስንት ጊዜ ነው የምቀይረው?»

«ሦስት ጊዜ፣ አካኮ። ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ቻግኒ።»

«ራሴ?»

«ራስዎ።»

ጋሽ እንድሪስ ወረቀቱን አራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ የቀሩትን ላጲሶች እየለቀሙ ወደ ካርቶኑ መመለስ ጀመሩ።