እናቱን ያልጫነው ሹፌር

ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ጎልማሳ ከጎኑ ያሉትን አሮጊት ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ልጅዎ የጭነት መኪና እያለው በታክሲ?»

«ሰው ከጭነቱ ላይ ወድቆ ሞቶበት ፈቃዱን ተነጥቆ አልነበር? ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ ፍሬኑን አሳድሶ፣ ከእህል ላይ ሰው አልጭንም ብሎ ፈርሞ ነው የመለሱለት።»

«እርስዎንም አይጭን?»

«ባለፈው የገበያ ቀን መንገድ ላይ አገኘኝ። ወርዶ ጉልበቴን ሳመና ‹ጋቢናው ሞልቷል፣ እማዬ፣ በእግርሽ ነይ› አለኝ።»

«አበስኩ ገበርኩ። እናቱን?»

«እናቱን።»

«አልተቀየሙትም?»

«ዳገቱን እስካጋምስ ረገምኩት፤ ከዚያ የሟቹ እናት ትዝ አለችኝና መረቅኩት።»

ሟቹ ወንድሜ ነበር፤ ሰቆጣ ስንደርስ ቀድሜ ወረድኩና ዘንቢላቸውን ተቀበልኳቸው።