ባለ አራት ኮከቡ ታናሽ

ያኔ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ ያገራችን ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ኮሪያዊ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር ለምሳ ገቡ። የኛው ደንበኛ ጋሼ ታደሰ፣ ኮሪያ ዘምተው በአስር አለቅነት የተመለሱት፣ ገና ሲያዩዋቸው «እዚህ ካልተቀመጡ!» ብለው ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ልጅቱ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ እየተረጎምን ጨዋታው ደራ። ሰውዬው ለካ ጡረታ የወጡ ባለ አራት ኮከብ ጄኔራል ናቸው! «ከዚያ በላይስ የለም?» አልኳት። «አምስተኛ ኮከብ ሕጉ ላይ አለ፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም አልተሾመበትም» አለችኝ። «ሶ፣ ከአባትሽ በላይ ሰው የለማ!» ስላት ተረጎመችላቸው፤ ጄኔራሉ ግን ወደ ጋሼ ዞረው ዕድሜያቸውን አስጠየቁ።

ደነገጥኩ፤ ጋሼ ዕድሜ የሚጠይቃቸውን ሰው አይወዱም። ደግነቱ ሳይቆጡ ነገሯቸው። ጄኔራሉ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። የቢራውን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘው ለጋሼ ቀዱ፤ የራሳቸውን ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጠጡ። «ምን አስቀየምናቸው?» አልኳት ልጅቱን። «ኧረ ምንም! ጋሼ በሁለት ዓመት ይበልጧቸዋል። እኛ ጋ ታላቅ ፊት የሚጠጣው እንዲህ ነው፤ ጄኔራልም ቢሆን» አለችኝ። ይህን ስነግራቸው ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ ትልቅ የዶሮ ወጥ ጉርሻ ጠቀለሉና «በል ታናሽ ወንድሜ፣ አፍህን ክፈት!» አሉ። ጄኔራሉ ቃሉ አልገባቸውም፤ ትእዛዝ መሆኑ ግን ገባቸው። መጀመሪያ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።