አስተማማኝ ያልኩት መንገድ

ወልቂጤ ላይ በዩኒቨርሲቲያችን ላዘጋጀነው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የእንግዶቹን የጉዞና የማረፊያ መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሆቴሎቹን ዘረዘርኩና፣ "ከአዲስ አበባ የሚያመጣው መንገድ አስተማማኝ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ማን ይጠይቀኛል ብዬ! የጠየቁኝ ሹፌራችን ጋሽ ሸምሱ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ እዚያው መንገድ ላይ ከታገተ ገና ሳምንቱ ነበር። እንግዶቹን ከአየር ማረፊያ ሊያመጡ ሲነሱ፣ ልጃቸው ያነበበችላቸውን የመመሪያውን ወረቀት ይዘው መጡ።

"መምህር፣ ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ፣ ጋሽ ሸምሱ።"

"ጥሩ። የፊቱ ወንበር ባዶ ነው፤ አብረን እንሂዳ።"

"ዛሬ እንኳ... የማስተምረው ክፍል አለኝ" አልኩ። ዕለቱ እሑድ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ። ወረቀቱን አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡና "ቢስሚላህ" ብለው መኪናውን አስነሱ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንግዶቹን ይዘው በሰላም ገቡ። እኔ ግን መኪናው ከግቢ እንደወጣ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፦ ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ መመሪያውን ከፈትኩ። "አስተማማኝ" የሚለውን አልነካሁትም። ያጠፋሁት ከግርጌው ያለውን ስሜን ነው።